የለብሽም ተብዬ የታመምኩበት ሳምንት

አሜሪካ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ ልኩን ከመስጠቱ በፊት ስለ አገሩ ይጠይቀኛል። «መንገዱ እንዴት ነው? ምግቡስ? ልጅቷስ ማንን ትመስላለች?» የመንገዱንና የምግቡን እያሳመርኩ እመልሳለሁ። ልጅቷ ላይ ስንደርስ ግን መርፌ ውስጥ ክር የማስገባ መስዬ አጎነብሳለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። ያየሁት ከተማ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እሱንም ቢሆን እጽፈዋለሁ።

ወይንሸት እባላለሁ፤ ደሴ ውስጥ የሴትና የሕፃናት ልብስ እሰፋለሁ። ገነት አብሮ አደጌ ናት። እናቶቻችን አንድ ግቢ ተከራይተው ስላሳደጉን፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጎረቤቱ እስኪምታታበት ድረስ አብረን ነው የኖርነው። ልጆች ሳለን፣ «የኔን አንቺ ክርስትና ታነሺልኛለሽ፣ ያንቺን እኔ አነሳልሻለሁ» ተባብለን ነበር። እሷ አሜሪካ ገባች፤ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጋር ተያይዞ በሚገኘው አውሮራ በሚባል ከተማ ትዳር ይዛ ተቀመጠች። ልጅ ግን እምቢ አላት። እኔም አልወለድኩም። ሁለታችንም አርባን አልፈን ነገሩን ማንሳት በተውንበት ጊዜ ስልክ ደወለችና፣ «ወይኔ፣ ቃልሽን አልረሳሽም አይደል?» አለችኝ። ኤልዳና ልትወለድ ነበር።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። የኤልዳና ሰማንያ ጥር ውስጥ፣ እሁድ ላይ ዋለ። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ በጥር ሱቋን የምትዘጋ ልብስ ሰፊ በሚቀጥለው ዓመት ደንበኛ አታገኝም። ስለዚህ ክርስትናው ባለፈ በሦስተኛው ቀን የሚመልሰኝን ቲኬት አስቆረጥኩ። ለአንድ ሳምንት አሜሪካ ይኬዳል ወይ ብለው የሳቁብኝ አሉ። እኔ አገር ለማየት አልሄድኩም፤ ልጅ ለማቀፍ ነው የሄድኩት።

ሰኞ

ከደሴ የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ በአውቶቡስ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ለአራሷ የአጥሚት እህል፣ በሶና በርበሬ አለ። በእጄ በያዝኩት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ የክርስትናው ቀሚስ ነበር። ነጭ ሻሽ፣ አንገቱና ጫፉ ዙሪያውን በነጭ ክር የተጠለፈ፤ ለማንም ሙሽራ እንደዚያ ተጨንቄ ሰፍቼ አላውቅም። ጣርማ በር ላይ ረዳቱ ቦርሳውን ተቀብሎ ወደ ላይ ሊወረውረው ሲል ጮህኩበት። «ሴትዮ፣ እንቁላል ነው እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አዲስ አበባ እስክንደርስ ድረስ ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም።

ማክሰኞ

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ዋሽንግተን ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱ እናት ነበሩ። ቀበቶውን አሰርኩላቸው፣ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁላቸው፣ መፀዳጃ ቤት ወስጄ መለስኳቸው። እሳቸውም ከቋጠሮአቸው ዳቦ ቆሎ እየቆነጠሩ በእጄ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። ክፉኛ ያስላቸዋል። «ጉንፋን ነው ልጄ፣ የአዲስ አበባ ብርድ ነው» ይሉኛል፤ እኔም «እግዜር ይማርዎት እማማ» እላለሁ። ኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸውና ትከሻዬን ተደግፈው እየሳሉ አደሩ። ትከሻዬን ላንሳ ብል ይነቃሉ። ደግሞም እናቴን ካጣሁ ወዲህ ትከሻዬ ላይ የተኛ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ዋሽንግተን ላይ ፈታሹ የአጥሚት እህሌን ከፍቶ በጣቱ እያሻሸ ብዙ ተመራመረ። በእጄ ሕፃን እንደማቅፍ፣ ከዚያ እንደምጠጣ እያሳየሁ አስረዳሁት። ለሕፃኗ የሚሰጥ ሳይመስለው አልቀረም፤ ፊቱን አኮሳተረ፤ ቢሆንም መለሰልኝ። እማማን ልጃቸው ተቀበላቸውና እኔ ብቻዬን ሌላ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

ዴንቨር የተቀበለኝ የገነት ባል ተፈራ ነው። ከእኛ የሚበልጥ፣ ረጋ ያለ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰው እያመላለሰ የሚኖር የወልድያ ሰው ነው። እንኳን ክፉ ነገር፣ «ቡናሽ ቀዝቅዟል» ለማለት እንኳ ሰው አስቀይማለሁ ብሎ የሚፈራ ዓይነት። «እዚህ ጋ ቁሚ፣ ቫኑን ፓርክ ያደረግኩት ሩቅ ነው» ብሎኝ ሄደ፤ ተመልሶም ሻንጣዬን ሊያስነካኝ አልፈለገም።

አገሩ ሜዳ ነው። ሣሩ ቢጫ፣ ሰማዩ ሰፊ፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከፊታችን ግን ከዳር እስከ ዳር በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል።

«እዚህ አገር መንገድ አይጠፋሽም» አለኝ ተፈራ። «ተራራውን እዪ። ተራራው ያለበት ሁልጊዜ ምዕራብ ነው።»

«እንደኛ ጦሳ በለኛ!» አልኩት። የደሴ ፀሐይም ከጦሳ ጀርባ ነው የምትገባው። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የማውቀው ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

«ግን ውሃ በደንብ ጠጪ። ከፍታው እንግዳ ያዞራል።»

«ጋሽ ተፈራ፣ እኔ ከደሴ ነው የመጣሁት። ወደ እናንተ ቁልቁል ነው የወረድኩት!»

ሳቀ። ቤታቸው ሎውሪ ከሚባለው የድሮ የአየር ኃይል ሰፈር አለፍ ብሎ ነው። ገነት በር ላይ ቆማ ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ወፍራለች፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት አለ። ወዲያው ልጅቷን ከአልጋዋ አንስታ፣ «በይ ያዣት!» ብላ ዘረጋችልኝ።

እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። እኛ ዘንድ ከመንገድ የገባ ሰው ጨቅላ አያቅፍም፤ ነፋስና ድካም ይዞ ነው የሚገባው፤ ታጥቦ፣ አርፎ፣ አድሮ ነው። «ከመንገድ ገብቼ? እብድ ነሽ? ነገ ታጥቤ» አልኳት።

«እናቴን ቁርጥ!» ብላ ሳቀች ገነት። «እሺ፣ ነገ።»

ከበሩ ቆሜ ያየሁት ብርድ ልብስና ጥቁር ፀጉር ብቻ ነው። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ምድር ቤት የተነጠፈልኝ አልጋ ላይ ወርጄ ተኛሁ።

ሐሙስ

ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ገነትና ተፈራ ሕፃኗን ለምርመራ ወስደዋት ነበር። ታጠብኩ፣ ንጹሕ ልብስ ለበስኩ፣ ቀሚሱን አውጥቼ ሶፋ ላይ ዘረጋሁትና እነሱን መጠበቅ ጀመርኩ። ከዚያ በረደኝ። ጋቢ ደረብኩ፤ ብርድ ልብስ ደረብኩ፤ አሁንም በረደኝ። ሲመለሱ በትኩሳት እየነደድኩ፣ እየሳልኩ አገኙኝ።

«ከፍታው ነው» አለ ተፈራ።

«የደሴ ልጅ ናት እያልኩህ!» አለች ገነት ከበሩ ላይ። «ክሊኒክ ውሰዳት፤ እሁድ እኮ ሥራ አለባት!»

ኮልፋክስ በሚሉት ረጅም ጎዳና ላይ ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት አፍንጫዬ ውስጥ እስከ አእምሮዬ የሚደርስ እስኪመስለኝ ከታ አዞረችው፤ እንባዬ ወረደ። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና ብዙ ነገር ተናገረች። እጇን ታነሳለች፣ ትጥላለች፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ታያለች፤ በእጇም ሕፃን እንደማቀፍ አደረገች። ተፈራ እየነቀነቀ አዳመጣት።

«ምን አለች?»

«ኔጌቲቭ ነው። ኢንፍሉዌንዛ የለብሽም።»

«ይህን ሁሉ አውርታ ይህችን ብቻ?»

«ሐኪም ወሬ ይወዳል» አለና ጃኬቴን አለበሰኝ።

እኔማ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ቤት ስንደርስ በቀጥታ ወደ ገነት ክፍል ልሄድ ስል ተፈራ መንገድ ላይ ቆመ። «ተኝተዋል» አለኝ። «አንቺም ውረጂና እረፊ። ቤዝመንቱ ይሞቃል።»

አርብ

ቁርሴን ደረጃው ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁት። ምን እንደነበረ ቢነገራችሁ ትስቃላችሁ፦ አጥሚት። ከደሴ ለአራሷ የተሸከምኩት እህል ተፈጭቶ፣ ፈልቶ፣ ቅቤ ገብቶበት እኔው ጋ ወረደ። ጠጣሁት፤ ግን እንግዳን ደረጃ ላይ ማብላት የት አገር ያለ ነው እያልኩ ነው የጠጣሁት።

እላይ ልውጣ ስል አሁንም ተፈራ ከፊቴ ነው። «ገላዋን እያጠበቻት ነው» አለኝ። ቀጥሎ «እየጠባች ነው»፤ ቀጥሎ «ነይ ከተማውን ላሳይሽ፣ ዛሬ ሥራ አልገባም»። ትኩሳቱ አልለቀቀኝም፤ ቢሆንም ሰው አክብሮ ሲጋብዝ እምቢ አይባልምና ተነሳሁ። ከኋላ ወንበር አስቀመጠኝ፤ በዚያ ብርድ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ነዳ። «ንጹሕ አየር ጥሩ ነው» ይለኛል። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ሎውሪን አሳየኝ፤ ለአውሮፕላን የተሠሩ ግዙፍ መጋዘኖች ዛሬ በመኖሪያ ቤት ተከበዋል። ፓርክ ሂልን አሳየኝ፤ ቅጠላቸው የረገፈ ትልልቅ ዛፎች፣ ንጹሕ ደጃፍ፣ የተዘጋ በር። ቤት ሁሉ አለ፤ ሰው የለም። እኔ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ስሄድ «እንዴት አደርሽ» ሳልባል አሥር እርምጃ አልራመድም። እዚያ አንድ እግረኛ አየሁ፤ እሱም ከውሻው ጋር ነው የሚያወራው። የሐበሻ ሱቅ አጠገብ ስናልፍ ወርጄ ሰላም ልበል አልኩት። «ሌላ ጊዜ» አለኝ።

ሲመልሰኝ በዋናው በር አላስገባኝም። በጓሮ በኩል በቀጥታ ምድር ቤት የሚያስገባውን በር ከፈተልኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተሰማኝን እንደ ነገሩ አላልፈውም። ጣሪያው ቀጭን ነው። የገነት እግር ከላይ ሲመላለስ ይሰማኛል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው፣ ቀኝ እግሯን ጠንከር የምታደርግበት አረማመድ ነው። ሕፃኗ ታለቅሳለች። ሌላ የማላውቃት ሴት ድምፅ ታባብላታለች። በትንሿ መስኮት ሳይ ያች ሴት ልጅቷን አቅፋ በረንዳው ላይ ቆማለች፤ ልክ ለማቀፍ እንደተወለደች ሁሉ። ያኔ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። ሐሳባቸውን ቀይረዋል። እዚህ የምታውቃቸው፣ የሠለጠነች፣ መኪና ያላት የክርስትና እናት አግኝተዋል፤ እኔን ለመንገር አፍረው በመኪና ያዞሩኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ቤቴ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ግን በራሴ ቤት ብቻ መሆንና በወዳጅ ቤት ብቻ መሆን ይለያያል። ቀሚሱን አጥፌ ቦርሳው ውስጥ መለስኩት።

ገነት ከደረጃው ራስ ላይ ሆና፣ «ወይኔ፣ ነቃሽ?» ብላ ተጣራች። ኩርፊያዬ በልጅነትም ይታወቃል። የተኛሁ መስዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ያ አረማመዷ ቀስ ብሎ ራቀ።

ቅዳሜ

ጠዋት ያች ሴት ራሷ ወረደች። አፍና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍና ደረጃው መካከል ላይ ተቀመጠች። ዓለምነሽ እባላለሁ አለችኝ፤ ጎረቤታቸው ናት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ስለሆነች ሁሉም ሲስተር ይሏታል። አሳሳሌን ጥቂት አዳመጠች።

«ሐኪሟ ምን አለችሽ?»

«የለብሽም አለችኝ። እኔም የለብኝም። ልጅቷን የምታነሻት አንቺ መሆንሽን ግን ቀድመው ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እኔ? ማን ነው ያለው?» ደነገጠች። «ሐኪሟ ካለችው ከዚያ ሌላ ምንም አልሰማሽም? ተፈራ! እስቲ ውረድ!»

ተፈራ ወርዶ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆመ። ሲስተር፣ «ሐኪሟ ያለችውን በሙሉ ንገራት» አለችው።

መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ሐኪሟ ያለችው ይህ ነው፦ ፈጣኑ ምርመራ ኔጌቲቭ ነው፤ ግን በዚህ ወቅት ኢንፍሉዌንዛ በየቤቱ ገብቷል፤ ይህ ምርመራ ደግሞ በሽታው እያለ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ምልክቱ ሁሉ አለባት፤ ስለዚህ እንዳለባት ቁጠሯት። ቤት ውስጥ ጨቅላ ካለ አትጠጋት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ጋሽ ተፈራ?»

«እንዴት ብዬ?» አለ። «ባሕር ተሻግረሽ ለልጄ የመጣሽ ሰው ነሽ። ከልጄ ራቂ ልበልሽ? በምን አፌ? ዛሬ ይሻላታል፣ ነገ ይሻላታል እያልኩ…»

«ለገነትስ?»

«አራስ ናት። አራስ ማስደንገጥ ይገባል እንዴ? ኔጌቲቭ ነው ብቻ አልኳት።»

ከላይ፣ ከደረጃው ራስ፣ የገነት ድምፅ መጣ። እያለቀሰች ነበር። «እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን ለማየት አልወጣችም ብዬ አለቅሳለሁ! የለባትም እያልከኝ! ጠራኋት፣ መልስ አልሰጠችኝም! ምን አድርጌያት ነው እያልኩ…»

«እኔም ተክተሽኛል ብዬ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ጩኸቴ ሳል ሆኖ ቀረ።

ተፈራ በሁለታችን መካከል ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ከሰው ፊት ይሉኝታው በልጦበት ሁለት እህትማማቾችን አንድ ቤት ውስጥ አለያይቶ እንዳስቀመጠ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን እኔም እሱን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፤ እኛ ለሰው ደስታውን ቶሎ፣ ክፉውን ቀስ ብለን የምንሰጥ ሰዎች ነን። ቁጣዬ ሳይወጣ ቀረ።

ሲስተር ነገሩን ግልጽ አድርጋ አስረዳችን። «ፈጣኑ ምርመራ አለብሽ ካለ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የለብሽም ካለ ግን፣ በተለይ እንዲህ በሽታው ከተማውን ባጥለቀለቀበት ወር፣ አትመኚው። ላቦራቶሪ የሚላክ ከዚያ የተሻለ ምርመራ አለ፤ ዛሬ አስወስድሻለሁ። ውጤቱ ግን ሰኞ ነው።»

ክርስትናው እሁድ ነው።

ሲስተር በመኪናዋ ወስዳኝ ሌላ ቦታ እንደገና ያ እንጨት አፍንጫዬ ገባ፤ መድኃኒትም ውጤቱ ሳይጠበቅ ታዘዘልኝ። ስንመለስ ገነት ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ደረጃውን መካከላችን አድርገን ተነጋገርን።

«እናስተላልፈው» አለች።

«ረቡዕ እኮ እሄዳለሁ። ደግሞ ሰማንያዋን ስትጠብቂ ነው የከረምሽው፤ አንቺም ራስሽ ቤተ ክርስቲያን ሳትገቢ ስንት ጊዜሽ።»

«እንግዲያው ማስክ አድርገሽ ያዣት! ኔጌቲቭ ነሽ እኮ ተብለሻል፤ ሐኪም ነው ያለው! ምናልባት እኮ ተራ ጉንፋን ነው፤ ምናልባት እኮ ምንም የለብሽም ወይኔ!»

ምናልባት። እኔ ደግሞ ያን ቃል ለመያዝ ምን ያህል እንደፈለግኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። የለብሽም ተብያለሁ፤ ማንም አይከሰኝም። እጄን ብዘረጋ ልጅቷን ይሰጡኛል።

ግን ሱቄን አሰብኩ። ማታ ሥራ ስጨርስ ወለሉ ላይ የወደቀ ስፒል ለመልቀም ማግኔት አዞራለሁ። ማግኔቱ ስፒል ካነሳ ስፒል አለ፤ ጥርጥር የለውም። ምንም ሳያነሳ ሲቀር ግን ወለሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ከምንጣፉ ሥር፣ ከእንጨቱ ስንጥቅ የተሸሸገ ይኖራል። ደንበኛ ልጇን ይዛ ስትመጣ ማግኔት አዙሬያለሁ ብዬ ልጁን ወለል ላይ ዳዴ አስብዬ አላውቅም።

«ሲስተር» አልኩ፣ «ለእንደዚህ ያለች ጨቅላ ምን ያህል ክፉ ነው?»

«ሆስፒታል ያስተኛል። ክትባቱን ለመወጋት ገና ናት። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

ቀሚሱን ከቦርሳው አወጣሁ። ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። «ፍል ውሃ ውስጥ እጠቢውና በደንብ ተኩሺው» አልኳት ሲስተርን። «ነገ አንቺ አንሻት።»

ገነት ከላይ ጮኻ አለቀሰች። ሲስተር ቀሚሱን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አነሳችው።

ሰኞና ረቡዕ

እሁድን ዘልዬ መጣሁ። ጽሑፉ የራሴ ስለሆነ እሁድን መጨረሻ አደርገዋለሁ።

ሰኞ ሲስተር በስልክ ደወለች። «አለብሽ» አለችኝ። «ፖዚቲቭ ነው። ኢንፍሉዌንዛ።» በሽታ አለብሽ ተብሎ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ለካስ በከንቱ አልነበረም። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ፤ ሳሉም አብሮ መጣ። ኤልዳና ትኩሳት አልነካትም፤ እስከ ዛሬም ደኅና ናት። የአውሮፕላኗን እማማም አሰብኩ፤ ዋሽንግተን ስልካቸውን አለመቀበሌ ቆጨኝ።

ረቡዕ ተፈራ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰደኝ። ልጅቷ እቤት ቀረች፤ ሲስተር ገና ነው ብላ ነበር። ትኩሳቱ ለቆኛል፤ ማስኬን ግን አላወለቅኩም። ተፈራ መኪናውን አቁሞ ሻንጣዬን ሲያወርድ፣ «ወይንሸት፣ ከእንግዲህ ክፉም ቢሆን እነግርሻለሁ» አለኝ። «እስቲ እናያለን ጋሽ ተፈራ» አልኩት። ሳቅን። ስገባ ዞሬ አየሁ፤ ተራራው በቦታው ነበር።

እሁድ

ቤት ቅሪ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። «ውስጥ አልገባም፤ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ» አልኳቸው። ገነትና ሕፃኗ በሲስተር መኪና ሄዱ፤ እኔ ከተፈራ ቫን መጨረሻ ወንበር፣ ማስክ አድርጌ፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎ።

ቤተ ክርስቲያኑ አውሮራ ውስጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል፤ መስቀሉ ባይኖር አላውቀውም ነበር። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን በዛፍ ይከበባል፤ እዚያ የተከበበው በመኪና ማቆሚያ ነው። ሌሊት በጣለው በረዶ ላይ ነጭ የለበሱ ሴቶች ቀስ እያሉ፣ እንዳይንሸራተቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያልፋሉ። ሁለት ሦስቱ በመስኮቱ አይተውኝ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ተፈራ ማሞቂያውን ሳያጠፋ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፤ የጎረቤት ልጆች ሲነሱ ስንቴ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የክርስትና እናት ልጅቷን ይዛ ወደ ምዕራብ ትዞራለች፤ በልጅቷ አፍ ሆና ሰይጣንን ትክዳለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ እምነቷን ትናገራለች። ልጅቷ አታውቅም፣ አትናገርም፤ የምትናገርላት አቃፊዋ ናት። ለዚህ ነበር የመጣሁት።

ከቫኑ ወረድኩ። ብርዱ ፊቴን ቆረጠው። ምዕራብ የት እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፀሐይ ገና ሜዳውን ሳትነካ የተራራውን ጫፍ ይዛ ነበር። እጆቼን ልጅ እንዳቀፈ ሰው አድርጌ ወደ ተራራው ዞርኩ፤ «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ» አልኩ። ሳል አቋረጠኝ። እንደገና አልኩ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደዚያ ዛፍ የሌለበት ሜዳ፣ ወደ ፀሐይ መውጫው ዞሬ የሚባለውን ሁሉ ተናገርኩ። ውስጥ ያለችው ሲስተር ናት፤ የክርስትና እናቷም እሷ ናት፤ ይህ እንደማይቆጠርልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ሳልናገረው ልመለስ አልቻልኩም። ማንም አላየኝም። ባዶ እጄን አውርጄ ወደ ቫኑ ገባሁና በሩን ዘጋሁ፤ መስኮቱንም ዘጋሁት።

ብዙ ቆይቶ እልልታ ተሰማ። ገነት በነጠላዋ ተሸፍና ወጣች፤ ልጅቷን ይዛ በበረዶው ላይ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ቀኝ እግሯን ጠንከር እያደረገች። ሲስተር ከኋላ እየተከተለች እጇን አነሳች፤ ገነት ከመስኮቱ አንድ ክንድ ያህል ላይ ቆመች። ነጠላውን ገለጠችው። ቀሚሱ ልኳ ነው። የጠለፍኩት አንገት ላይ አዲሱ ማተብ ታስሯል። ገነት በመስታወቱ በኩል አፏን እያንቀሳቀሰች አንድ ነገር ትለኛለች፤ አልሰማትም። ልጅቷን ወደ መስታወቱ አቀረበቻት።

መስኮቱ ዝግ ነውና ማስኬን ዝቅ አድርጌ ፊቴን ከመስታወቱ ጋር አጣበቅኩ። ትንፋሼ መስታወቱን ሸፈነውና ልጅቷ ጠፋች። በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ እንደገና ሸፈነው። እንደገና ጠረግሁት።

ከዚያ ትንፋሼን ያዝኩ። መስታወቱ ጠራ። ዓይኖቿ ተከፍተው ነበር፤ እስከቻልኩት ድረስ ሳልተነፍስ አየኋት።